አባዬ ብቻ ቀረ

ለልጆች መጻፍ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ፣ እስቲ አንድ ቀን ከልጅ ፊት ተቀምጦ ያንብብ። ትልቅ ሰው መጽሐፍ ሲሰለቸው በይሉኝታ ገጹን ይገልጣል። ልጅ ይሉኝታ አልፈጠረበትም፤ ሲሰለቸው አፍንጫውን ይጎረጉራል። ደራሲዋ ይህን በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ አሳምራ ተምራዋለች። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ ስትጨርስ ወደ አሳታሚው ከመላኳ በፊት ለልጅ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ያውም ሙሉውን አይደለም። ነገሩ በጋለበት ቦታ ላይ ትቆርጠውና «የቀረው ሌላ ቀን» ብላ ወረቀቷን ታጥፋለች። ልጁ በማግስቱ «ከዚያስ?» ብሎ ካልመጣ ምዕራፉ ወደ ቅርጫት ይገባል። ዘዴዋ ይኸው ነው፤ ምክር ፈልገው ለሚመጡ ወጣት ደራስያን ሁሉ ደረቷን ነፍታ የምትነግራቸውም ይህንኑ ነበር።

ላለፉት ሁለት ዓመታት አዳማጯ የታናሽ እህቷ ልጅ ነበረች። ስምንት ዓመቷ ነው። ከጥያቄዋ ብዛት የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ «መርማሪዋ» ይላታል። የጥርስ ሐኪሙን «የእርስዎንስ ጥርስ ማን ነው የሚነቅለው?» ብላ፣ ሰውየው መሣሪያውን አስቀምጦ እንዲያስብ ያደረገች ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት መልስ አባቷ ከሥራ እስኪመጣ አክስቷ ቤት ትቆያለች። የቤት ሥራዋን በደራሲዋ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እየተጋፋች ትጨርስና፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ «ቀጥይ» ትላለች፤ አሠሪ እንጂ አዳማጭ አትመስልም።

መጽሐፉ በረዶ በማይጠፋበት በሰሜን አገር የኖሩ የጥንት ሰዎች ስለ አማልክቶቻቸው ያወሩትን ተረት ለልጆች የሚተርክ ነበር። አሥራ ሁለት ምዕራፍ ነው፤ አሥራ አንዱ መርማሪዋ ፊት ቀርቦ አልፏል። የነጎድጓዱ አምላክ የተሰረቀ መዶሻውን ለማስመለስ ሙሽራ መስሎ፣ ጢሙን በዓይነ ርግብ ሸፍኖ የሄደ ጊዜ ከወንበሯ ወድቃለች። ስምንት እግር ስላለው ፈረስ ስትሰማ ደግሞ «ጠዋት ጠዋት ጫማውን አስሮ እስኪጨርስ አይረፍድበትም?» አለች፤ ደራሲዋም ጥያቄዋን እንዳለ መጽሐፉ ውስጥ አስገባችው።

አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ግን ሰባት ወር ሙሉ ሳይጻፍ ቆየ። አሳታሚው ምክንያቱን ስለሚያውቅ ሲደውል ስለ ብርዱና ስለ ወረቀት መወደድ አውርቶ ይዘጋል። ምዕራፉ የሞት ምዕራፍ ነው። ከሰባት ወር በፊት ደግሞ የደራሲዋ ታናሽ እህት፣ የመርማሪዋ እናት፣ በሦስት ሳምንት ሕመም ብቻ ከእጃቸው አመለጠች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ደራሲዋ በራሷ ጀርባ አዝላ ያሳደገቻት እህት ነበረች፤ እንዲህ ያለውን ሰው ለመቅበር የትኛውም ዕድሜ አይበቃም።

ስለ አባትየው አንድ ነገር ሳይነገር ይህ ታሪክ አይገባም። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቃል ከአፉ በጠብታ የሚወጣ ሰው። በሚስቱ ቀብር ላይ አላለቀሰም። በሐዘኑ በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ መፍቻውን ይዞ ወጥ ቤት ገባና ምንም ያልሆነውን የዕቃ ማጠቢያ ቧንቧ ፈትቶ ሲገጥም፣ ገጥሞ ሲፈታ ዋለ። ሊያጽናናው የተጠጋውን ሁሉ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ዓይኑን ከሥራው ሳይነቅል «ያለቀ ነገር ነው» ይለዋል። ሴቶቹ ተጠቃቀሱ። ልቡም እንደያዘው ብረት ነው ተባለ። ደራሲዋ ከሴቶቹ ጋር አፏን አልከፈተችም፤ በሆዷ ግን ከሁሉም የባሰ ቂም ያዘች። ለእኔ እህት አንድ ዘለላ እንባ ነፈጋት አለች። ከዚያ ወዲህ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ «እንደምን ዋልሽ እትዬ» ሲላት፣ «ደህና» ትለውና በሩን ከሚገባው በላይ ቶሎ ትዘጋለች።

ምዕራፉን በመጨረሻ በአንድ ሳምንት ጻፈችው፤ እየተነሳች፣ እየተቀመጠች፣ መስኮት እየከፈተችና እየዘጋች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ቦርሳዋን ወርውራ ስትቀመጥ ወረቀቶቹ ዝግጁ ነበሩ።

«ባልደር ከአማልክት ሁሉ የተወደደው ነበር» ብላ ጀመረች። «እናቱ ፍሪግ ልጇ እንደሚሞት በሕልም ተነገራት። እናት ናትና እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ዓለምን ዞረች። እሳትን አስማለች፣ ውሃን አስማለች፤ ብረትን፣ ድንጋይን፣ እባብን፣ በሽታን ሁሉ ልጄን አትንኩብኝ ብላ አስማለች። አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፤ በትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ትንሽ ተቀጽላ። ይቺ ደግሞ ምን ታመጣለች ብላ ንቃ አለፈቻት።»

«በሷ ነው የሚሞተው!» አለች መርማሪዋ ቀጥ ብላ። «ለምን አለፈቻት? አንድ ደቂቃ እኮ ነው የሚፈጀው!»

በእሷው ነበር። ተንኮለኛው ሎኪ ተቀጽላዋን ቀጥፎ አሾላት፤ በባልደር ዓይነ ስውር ወንድም እጅ አስወረወራት፤ ባልደርም ወደቀ። ልጅቱ እግሯን ማወዛወዝ ተወች። ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። ደራሲዋ ይህን አየችና እንደ ባለሙያ ደስ አላት። ለዚያች ደስታዋ እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም።

«ፍሪግ መልእክተኛ ላከች። መልእክተኛውም ስምንት እግር ባለው ፈረስ ዘጠኝ ቀን ጋልቦ ሙታን አገር ደረሰና፣ ባልደርን መልሺልን ብሎ የአገሩን እመቤት ለመናት። እመቤቲቱም አሰበች። በእርግጥ ይህን ያህል የተወደደ ከሆነ እናያለን አለች። በዓለም ያለ ሁሉ፣ ሰውም እንስሳም ድንጋይም ብረትም፣ ለእርሱ ካለቀሰ እመልሰዋለሁ። አላለቅስም ያለ አንድ እንኳ ከተገኘ ግን እዚሁ ይቀራል።»

እዚህ ላይ ቆረጠችው። «የቀረው ሰኞ» አለችና ወረቀቱን አጠፈች።

መርማሪዋ «ከዚያስ?» አላለችም። ቦርሳዋን እየዘጋች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ድንጋይ እንዴት ነው የሚያለቅሰው?»

«ጠዋት ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት አላየሽም? ቀዝቃዛ ብረትም ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል። የዚያ አገር ሰዎች እንባው ነው ይላሉ።»

«እሺ» አለች ልጅቱ። አባቷ አንኳኳ፤ እጇን ይዞ ወሰዳት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ።

«አክስቴ፣ ለእማዬ አልቅሰሻል?»

ልጅቱ ከቀብሩ ወዲህ «እማዬ» የሚለውን ቃል በራሷ አንስታ አታውቅም ነበር። ይኸው ልቧ ተከፈተ አለች ደራሲዋ፤ ተረት እንዲህ ነው የሚሠራው ብላ ትንሽም ኮራች። «አዎ የኔ ዓለም፣ ብዙ አልቅሻለሁ» አለቻት። «አሁንም አለቅሳለሁ።»

«አንድ ጊዜ ይበቃል» አለች ልጅቱ። እርሳስ ወረቀት ላይ ሲጫር ተሰማ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ደራሲዋ ለምን ብላ አልጠየቀችም። በዚያ ቤተሰብ መጠየቅ የሌላ ሰው ሥራ ነበር።

ወደ ምዕራፉ ሁለተኛ አጋማሽ ተመለሰች። እዚያ ላይ መልእክተኞቹ ዓለምን ዞረው ሁሉን ያስለቅሳሉ፤ በመጨረሻ ሲመለሱ በአንድ ዋሻ ውስጥ አንዲት አሮጊት ያገኛሉ። አሮጊቷ «ፊቷን ሳታዞር፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳትነቅል፣ ያለቀ ነገር ነው አለች፤ ዓይኗም ደረቅ ነበር» ይላል ረቂቁ። በአንድ ሰው እምቢታ ባልደር ሙታን አገር ይቀራል። ደራሲዋ ያቺ አሮጊት ከየት እንደመጣችላት ለራሷም አልነገረችም። አረፍተ ነገሩ ግን አምሮላት ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ሳትነካው ተወችው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አክስቴ፣ ሁሉም አለቀሰ!» ልጅቱ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ የዋለች ትመስላለች፤ ታለከልካለች። «የሕንጻው ሰው ሁሉ፣ ዘበኛው፣ ባለሱቁ፣ መምህሬ ደግሞ በስልክ። ብረትም አለቀሰ። አባዬ ብቻ ቀረ። እምቢ አለኝ። ነይና ንገሪው፤ አንቺን ይፈራሻል። እሱ ብቻ እኮ ነው የቀረው። እሱ ካለቀሰ እማዬ ዛሬ ትመጣለች።»

ደራሲዋ «መጣሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ማንም ሰው የሚሳሳተው ስህተት አለ፤ ባለሙያ ብቻ የሚሳሳተውም አለ። እናቷ የሞተችባትን ልጅ «ሁሉ ካለቀሰ ይመለሳል» የሚል አረፍተ ነገር አስይዞ፣ የቀረው ሰኞ ብሎ ወደ ቤቷ መስደድ፣ ይህን ለመሥራት የሃያ ሁለት ዓመት ልምድ ያስፈልጋል።

ወረቀቶቹን ይዛ ወጣች። የልጅቱ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ቀሪውን እንዳለ ብታነብላት ልጅቱ አሮጊቷን በአንድ ቃል ታውቃታለች። «ያለቀ ነገር ነው» የማን አነጋገር እንደሆነ ለመርማሪ አይነገርም። ዕድሜ ልኳን አባቷን እናቴን ያስቀረብኝ ሰው ብላ ልታየው ነው። መጨረሻውን ለውጣ ባልደርን ብታስመልሰው ደግሞ ልጅቱ እናቷን ስትጠብቅ ልታረጅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። የሞተችውን እህቷን በተረት ላስባት ብላ፣ በሕይወት ያለችውን ልጇን ገደል አፋፍ ላይ አቆመቻት።

የሕንጻው በር ላይ ዘበኛው ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጧል፤ አቀርቅሮ ነው ሰላም ያላት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊ በሯን ከፍታ ትጠብቃታለች። እንባዋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት፤ ክር ቢበጠስባት ታለቅሳለች።

«ምን ብለሻት ነው ይቺን ልጅ?» አለች። «ደብተር ይዛ በየቤቱ ዞረች እኮ! ለእናቴ አልቅሰዋል? ካላለቀሱ አሁን ቢያለቅሱልኝ? ትላለች። እኔማ ጥያቄዋን ሳትጨርስ እንባዬን ዘረገፍኩት። ባለሱቁ እንባ እምቢ ቢለው ሽንኩርት ሊልጥ ተነሳ፤ የሽንኩርት አይቆጠርም አለችው። ከዚያ እናቷ ምን ምን ትገዛ እንደነበር አንድ በአንድ ስትነግረው ያ ጉልቤ ሰውዬ ባንኮኒው ላይ ተደፋ።» አፍንጫዋን በጨርቅ ቁራጭ ጠረገች። «የደረጃውን ብረት አቅፋ በትንፋሿ ስታሞቀው አየኋት። ላብ ሲያወጣ ምልክት አደረገች። አባትየውን ግን ተይኝ! ለልጁ ሲል እንኳ አንድ ጠብታ? አንድ ጠብታ ምን አለበት?»

«የት ነው ያለው?»

«ምድር ቤት። ልጁን ትቶ ብረቱን ይቆርጣል።»

ምድር ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ አምፖል፣ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ አንድ ሞርሳ፣ በግድግዳው ርዝመት ልክ የተደረደሩ ቧንቧዎች። ሰውየው ሞርሳው ፊት ቆሟል። አንድ ሙሉ ቧንቧ በመጋዝ ቆራርጦ መዳፍ መዳፍ የሚያህል አድርጎታል፤ ቁርጥራጩ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ለምንም የሚሆን ቁራጭ አልነበረም።

ደራሲዋ ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የወረደችው። አፏን ስትከፍት ግን የሰባት ወሩ ቂም ቀድሟት ወጣ። «እህቴ የአንተ እንባ አይገባትም ነበር?» አለችው። «ምን ብታደርግህ ነው?»

መጋዙን አስቀመጠ። «እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከዚያ ምንድን ነው የሚሆነው?»

«ከምን?»

«ካለቀስኩ በኋላ። ደብተሯን አሳይታኛለች። ሁሉም ጋ ምልክት አለ፤ የእኔ ቦታ ብቻ ነው ባዶው። እኔ ካለቀስኩ ሞላ ማለት ነው። ሲሞላ በሩን ከፍታ ትቆማለች። ዛሬ ትቆማለች፣ ነገ ትቆማለች። ከዚያ በር ላይ ማን ነው የሚያነሳት? አንቺ ታነሻታለሽ?»

ደራሲዋ ወለሉ ላይ የተበተኑትን ቁርጥራጮች አየች።

«እምቢ ካልኩ ግን በአባቴ ምክንያት ቀረች ትላለች» አለ። «ትበል። እኔን ትጥላኝ። የሚጠላ ልጅ ይበላል፣ ይተኛል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የሚጠብቅ ልጅ ምንም አይሆንለትም። ከሁለቱ መረጥኩ፤ በቃ።» ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ መንጋጋውን ገጥሞ ያዘው። «ያቃተኝ መሰለሽ? አባዬ፣ እማዬን አትወዳትም ነበር እንዴ አለችኝ። ሂጂ እጅሽን ታጠቢ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጥርሴን ነክሼ ነው ያለሁት።»

ደራሲዋ ቁርጥራጮቹ መካከል ቁጭ አለች፤ ወንበር አልፈለገችም። ወረቀቱን አውጥታ የአሮጊቷን ቦታ አነበበችለት። ማንበብ ነበረባት። እንዲህ ያለ ነገር ከጻፉ በኋላ ለባለቤቱ ሳይነግሩ ይቅርታ መጠየቅ ሌላ ሌብነት ነው።

አንብባ እስክትጨርስ ሰማት። «ቃሉ የእኔ አይደለም» አላት በመጨረሻ። «የእሷ ነው። የመጨረሻዋ ቀን ሐኪሞቹን ስለምን ሰማችኝና እጄን ያዘች። ያለቀ ነገር ነው፤ አትልፋ፤ ልጄ ፊት እንዳትወድቅብኝ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲመጣ የምለው ስላልነበረኝ የእሷኑ ቃል ስል ከረምኩ። አልወደቅኩም። እንባው ግን ቆይ ሲሉት በኋላ አልወጣም አለ።»

ደራሲዋ ፊቷን በወረቀቶቹ ሸፈነች። ሰባት ወር ሙሉ የጠላችው አረፍተ ነገር የእህቷ የመጨረሻ ቃል ነበር። እሷ ደግሞ ወስዳ በክፉ አሮጊት አፍ አስገባችው፤ አምሮልኛል ብላም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያን ጊዜ ያለቀሰችው ልቅሶ ለእህቷ ከዚያ በፊት ካለቀሰችው ሁሉ ይመርር ነበር።

«እኔ ነኝ የምነግራት» አለች ስትነሳ። «ጥፋቱ በአንተ ላይ አይቀርም።»

«እትዬ፣ ተይው። አንዴ ይዤዋለሁ።»

«ልጄ ፊት አትውደቅ አለችህ እንጂ ልጄ ትጥላህ አላለችህም» አለችው። ደረጃውን ቀድማ ወጣች፤ እሱም አራተኛው ፎቅ እስካለው ቤቱ ተከተላት።

መርማሪዋ ክፍሉን ጠርጋዋለች። ጠረጴዛው ላይ ደብተሯ ተከፍቷል። «ዘበኛው፣ አለቀሰ። ልብስ ሰፊዋ፣ ሦስት ጊዜ። ባለሱቁ፣ መጀመሪያ በውሸት በኋላ በእውነት። የደረጃው ብረት፣ አለቀሰ። የሱቁ ድመት፣ ዓይኑ እርጥብ ነው፣ ይቆጠራል። አክስቴ፣ አልቅሳለች። አባዬ፣» ይልና ባዶ ነው። የእናቷን የቤት ጫማ ከቁም ሣጥን ውስጥ አውጥታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ በሩ አጠገብ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙራ አስቀምጣዋለች።

«እሺ አለ?» አለች።

ደራሲዋ ተንበረከከች። «ግማሹን ነው ያነበብኩልሽ» አለቻት። «ቀሪውን ሳልነግርሽ ሰደድኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአባትሽ አይደለም።»

«ቀሪው ምን ይላል?»

«አልተመለሰም።»

ልጅቱ አሰበች። «ማን ነው እምቢ ያለው?»

ደራሲዋ ወረቀቶቹን አየች፤ እጇ ላይ ተጨማደዋል። «ተረቱ አንዲት አሮጊት ናት ይላል። ተረቱ የዋሸው ግን እዚያ ላይ ነው። አሮጊቷ ብታለቅስም አይመለስም ነበር። ሰዎቹ ነገሩ ሲከብዳቸው የሚወቅሱት ሰው ፈለጉ። እኔም እንደነሱ አደረግኩ።» የልጅቱን ሁለት እጆች ያዘች። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ሰው ሁሉ ቢያለቅስ፣ ብረትም ቢያለቅስ፣ አባትሽም ቢያለቅስ፣ እናትሽ አትመጣም። ማንም አላስቀራትም። ሞታለች።»

ልጅቱ አልጮኸችም። ፊቷ ላይ የታየው ያው የዘወትር ነገር ነው፤ የማይገጥም መልስ ሲሰጧት የምታሳየው።

«ገና መቼ ሞላ?» አለች። «አባዬ አላለቀሰም። ሳይሞከር እንዴት ታውቂያለሽ?»

ልጅቱ ወደ አባቷ ዞረች፤ የሱሪውን ጉልበት ያዘች። «አባዬ፣ እባክህ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ምንም አልጠይቅህም፤ ሁልጊዜም አልጠይቅህም።»

ሰውየው ደራሲዋን አያት። እሷም ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ሌላ መንገድ አልቀረም ነበር።

መጀመሪያ ድምፅ አልወጣውም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ መጣ። ለማየት የሚያምር ልቅሶ አልነበረም፤ ሰባት ወር የታፈነ ነገር ሲወጣ አያምርም። በዘይት በጠቆሩ እጆቹ ፊቱን ይዞ፣ ትከሻው እየተናጠ፣ የሚስቱን ስም እየጠራ አለቀሰ። ልጅቱ አባቷ ያንን ስም ሲጠራ ሰምታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ «እናትሽ» ነበር የሚላት። በጥንቃቄ አየችው፤ የሽንኩርት አለመሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ሮጣ በሩን ከፈተችና ደረጃው ላይ ወጥታ ቆመች።

ደራሲዋ ልትጠራት ፈልጋ ተወችው።

ከታች የእግር ድምፅ ተሰማ። አንደኛ ፎቅ አለፈ፣ ሁለተኛ አለፈ። ልጅቱ የደረጃውን ብረት ይዛ በጣቷ ጫፍ ቆመች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ በር ተከፈተና ተዘጋ፤ ድምፁ ጠፋ። ቆየች። ሌላ እግር መጣ፤ ወርዶ ሄደ። እንደገና ቆየች። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ዞራ አባቷን አየችው፤ አሁንም እያለቀሰ ነው፤ እሱ ጋ የጎደለ ነገር የለም። እንደገና ወደ ደረጃው ዞረች። ደራሲዋ ከኋላ የምታየው ትንሿን ማጅራቷን ብቻ ነበር፤ በረጅሙ ስትተነፍስ ትከሻዋ ከፍ ሲል፣ ከዚያ ዝቅ ሲል።

ብዙ ቆይታ ገባች። በሩን ራሷ ዘጋችው። አባቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የሹራቧን እጅጌ ወደ መዳፏ ስባ ፊቱን ጠረገችለት፤ አንዱን ጉንጭ፣ ከዚያ ሌላውን።

«በቃ አባዬ» አለችው። «አታልቅስ። አትመጣም።»